ሲባጎው ከመወጠሩ በፊት

ግንበኛው ችካሉን በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታና ቀና አለ። ሲባጎው ከጥግ እስከ ጥግ ተወጥሯል፤ ከሥሩ የመሠረቱ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ በአንድ በኩል ተከምሯል። ባለቤቱ ወጣት ነው። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህቱ ባመጣችው ገንዘብ የጭራሮ አጥሩን በብሎኬት ሊለውጥ ነው። ከወዲያ፣ ከቅንጭቡ ጀርባ፣ ጎረቤቲቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል።

«እማማ፣ ይዩልኝ እንግዲህ። ልኩ ይኸው ነው?»

«ሲባጎውስ አብሽር ልጄ፣ ደህና ነው» አሉት። «ቦይህን ግን ወዴት እያሰፋኸው ነው?»

«ግንቡ እኮ ከሲባጎው አያልፍም።»

«ከላይ አላልፍም ትላለህ፣ ከሥር አልፈሃል።»

ቆሞ ለሚያይ ሰው ክርክሩ ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን ሴትዮዋ ልክ ናቸው። አጥሩ በባለ 20 ብሎኬት ሲሠራ የግንቡ ውፍረት 20 ሳንቲም ሜትር ነው። የድንጋይ መሠረቱ ግን ሸክሙን እንዲችል 50 ሳንቲም ሜትር ያህል ይሰፋል። ግንቡ በመሠረቱ መካከል ሲያርፍ በግራም በቀኝም 15 ሳንቲም ሜትር ይተርፋል። እንግዲህ የግንቡ የውጭ ፊት ወሰኑን ታክኮ ከቆመ፣ ከአፈር በታች ያለው 15 ሳንቲም ሜትር ጎረቤት መሬት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ አይታይም። ከዓመታት በኋላ ጎረቤቲቱ ጥጉ ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠሩ ሲያስቆፍሩ ግን የሰው ድንጋይ ይወጣል። ያኔ ቦዩን ያየ ሰው አይገኝም፤ ግንበኛውም ሌላ ከተማ ሥራ ሄዷል።

ለዚህ የግንበኛ መላ አይጠፋም። አንዱ ግንቡን ወደ ራስ ግቢ መሳብና መሠረቱ እንዳለ ከወሰን ውስጥ እንዲቀር ማድረግ ነው። ሌላው ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ግንቡን በወሰኑ መካከል ላይ አቁሞ ወጪውን መካፈል ነው፤ በዚህ ጊዜ አጥሩ የሁለቱም ይሆናል። መሠረቱን ወደ ውስጥ ብቻ አስፍቶ ግንቡን ጠርዙ ላይ የሚያቆምም አለ፤ እንዲህ ያለው አጥር ክረምት እያለፈ ሲሄድ ወደ ጎረቤት ሊያዘነብል ይችላል። ወጣቱ የመጀመሪያውን መረጠ። «ግዴለም፣ ስንዝር ልሳብ» አለና ሲባጎው ተፈታ። ቦዩ እንደገና ተቆፈረ፤ የሁለት ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሒሳብም ተጨመረ።

ይህ የሆነባት መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በስተምዕራብ ተራራው ተደግኖባታል፤ በስተምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ቆላ እየወረደ ይሄዳል። ማንጎና ብርቱካን የሚበቅልባት፣ ማሽላ የሚዘራባት ሞቃት አገር ናት። የግብርና ኮሌጅ አላት፤ ወደ ወልድያ ሲኬድም ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በመንገድ ላይ እንደበቀሉ ከተሞች ሁሉ መርሳም መጀመሪያ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው የረዘመችው፤ ወደ ጎን መስፋት የያዘችው ኋላ ነው። ወደ ጎን ስትሰፋ የምታገኘው ደግሞ የሰው እርሻ ነው። የአጥር ነገር የሚከርረውም ከተማው ከእርሻው ጋር በሚገናኝበት በዚህ ዳርቻ ነው።

የድሮው አጥር እንዲህ አያጨቃጭቅም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ቅንጭብ ለአጥር የተመቸ ተክል መሆኑ እውነት ነው፤ ቅርንጫፉን ሰብሮ መሬት ላይ መሰካት ይበቃል፣ ውሃ አይለምንም፣ ፍየል አትደፍረውም፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላልና ሌባም ይፈራዋል። ቁልቋሉም፣ አጋሙም፣ ቀጋውም እንዲሁ ያለ ገንዘብ የሚቆም አጥር ነው። ግን ሕያው አጥር ባለበት አይቆይም፤ ይወፍራል፣ ይጎነብሳል፣ ከተተከለበት መስመር በሁለቱም በኩል ይሰፋል። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ «ወሰኑ ቅንጭቡ ነው» ሲባል የትኛው ግንድ? የውስጡ ወይስ የውጩ? የእሾህ አጥርማ ይብሳል። አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ እሾህ ከውጭ በኩል ይደረባል፤ ሰውየው ምንም ክፋት ሳያስብ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል። በእርሻም ያው ነው። በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተወው የሣር ድንበር ዘንድሮ በአንድ ትልም፣ ለከርሞ በሌላ ትልም እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን የለም።

ልዩነቱ ዋጋው ነው። በ30 ሜትር አጥር ላይ 40 ሳንቲም ሜትር መግፋት ማለት 12 ካሬ ሜትር ነው። በእሾህ አጥር ዘመን ያ 12 ካሬ የዶሮ መጫሪያ ነበር፤ ዛሬ የሚከራይ ክፍል ይወጣዋል። በዚያ ላይ ብሎኬት እንደ እሾህ ተነሥቶ አይተከልም። ስህተቱ በሲሚንቶ ታስሮ ይቀራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሕጉ የሚነግረን የመጀመሪያው ነገር ያልጠበቁትን ሰዎች ያስደነግጣል፦ አጥሩ ያንተ ነው፣ የቆመበት መሬት ግን የብቻህ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብና የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባቆመው ነገር ላይ ግን ሙሉ መብት እንዳለው ደነገገ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሣ የሚሰላው በላዩ ላይ ላለው ንብረትና ለይዞታ መብቱ እንጂ እንደ ሸቀጥ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። ከዚህ የተነሣ በከተማ ዳርቻ ሰው አጥርን ከሌባ መጠበቂያ ይልቅ እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ቶሎ ያጠረ የያዘ ይመስለዋል። በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቤት፣ የሚያበቅሉ ሰዎችም መጀመሪያ የሚያቆሙት የቆርቆሮና የአጣና አጥር ነው።

አጥር ግን ወሰን አይፈጥርም። በአዋጅ 721/2004 የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ማጠር የይዞታ መብት አያስገኝም። ታዲያ ወሰኑ የተጻፈው የት ነው?

እዚህ ላይ የሀብሩን አርሶ አደር የመሬት ይዞታ ደብተር ገልጦ ማየት ይጠቅማል። አማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር ይዞታን መመዝገብ ሲጀምር፣ ሙከራው የተደረገው በስዊድን መንግሥት እርዳታ በደሴ ዙሪያና በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን ወረዳ ነበር። ከዚያ በየወረዳው ተስፋፋ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ በአንድነት የተለጠፈበት ደብተር ለብዙ ሴቶች በመሬት ላይ ስማቸው የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በማሳው ትይዩ ስፋቱ በሄክታር ተጽፏል፤ አብዛኛው የተለካው በገመድ ነው። ካርታ የለውም። ከስፋቱ ቀጥሎ አራት ስሞች አሉ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ እገሊት። ወሰኑ ይኸው ነው።

ያንን ገጽ ደግሞ ደጋግሞ ላየው፣ የሚደንቀው ነገር መንግሥት የመዘገበው መስመር ሳይሆን ሰው መሆኑ ነው። የአንተ መሬት የሚያበቃው ጎረቤትህ በሚጀምርበት ነው፤ የእሱም አንተ በምትጀምርበት። ሁለቱ እስከተስማሙ ድረስ ከዚህ የጠነከረ መዝገብ የለም፤ ገጠሩን ያለ ጂፒኤስና ያለ ቀያሽ በጥቂት ዓመታት ለመመዝገብ ያስቻለውም ይህ ዘዴ ነው። ግን ጎረቤት ይሞታል፣ መሬቱን ለልጆቹ ያወርሳል፣ ያከራያል፣ ወደ ጂዳ ይሄዳል። በምሥራቅ የተጻፈው እገሌ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖት፣ በቦታው አራት ልጆች ተካፍለው ሲገኙ ደብተሩ ዝም ይላል። ሀብሩ ውስጥ ሽማግሌ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ወረቀቱ የማያውቀውን ለማስታወስ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣ ነው። ማሳው ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ይለያል፣ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት መስመሩ ይሰመራል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥርና ካርታ ያገኛል። አማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራው በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ሰፊ ርቀት ሄዷል። ቢሆንም ካርታ ያገኘ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ አላለቀም። 1 ለ 2,000 በሆነ ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር መሬት ላይ 1 ሙሉ ሜትር ነው። ለማሽላ ማሳ ይህ ይበቃል። ለብሎኬት አጥር አይበቃም። ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ጉድለት እንዳይመስል፣ የእንግሊዝ አገር የመሬት መዝገብም በአብዛኛው የሚያሳየው አጠቃላይ ወሰንን ነው፤ ትክክለኛው መስመር በአጥሩ የትኛው ጎን እንደሚያልፍ ከካርታው አይነበብም። እዚያም ሰው በጥቂት ሳንቲም ሜትር አጥር ተካሶ ብዙ የጠበቃ ወጪ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሀብሩ ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ሲደርስ በሰሜን ወሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወረቀትም ወድሟል። የመሬት ፋይል የተቃጠለበት ሰው እጁ ላይ የቀረው የራሱ ደብተርና የጎረቤቱ ምስክርነት ነው።

ወደ ከተማው ቀበሌዎች ስንገባ ሕጉ ይቀየራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የወጣው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። ለሚገነባ ሰው ነገሩ የሚጀምረው ከፕላን ስምምነትና ከግንባታ ፈቃድ ነው። በተግባር ለአጥር ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወሰኑን ማን አሳየህ? ማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ልኮ በካርታው መሠረት ማዕዘኖቹን ለክቶ ችካል ሲተክል፣ አዋሳኞቹም ቆመው ሲያዩ፣ የተገነባው አጥር የሚያስረዳለት ሰው አለው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ቀያሹ እስኪመጣ ይዘገያል፤ ብሎኬቱ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል፤ የሲሚንቶ ዋጋ እንዳይጨምር ይፈራል፤ ግንበኛው «ነገ ሌላ ሥራ አለኝ» ይላል። በእኔ ግምት ከጎረቤት ክፋት ይልቅ ይህ ጥድፊያ ብዙ ክስ ወልዷል።

የጎን ወሰንና የመንገድ ወሰንም አንድ አይደሉም። በጎን በኩል የምትስማማው ከሰው ጋር ነው። በፊት ለፊት በኩል ግን አዋሳኝህ መንገድ ነው፤ መንገድ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ አይታረቅም። በፕላኑ የተያዘውን የመንገድ ስፋት አልፎ የገባ አጥር ምን ያህል ዓመት ቢቆም ይፈርሳል። የደሴ ወልድያው አስፋልት ደግሞ የፌዴራል መንገድ ስለሆነ ዳርቻው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የሆነውን ሁሉም አይቷል፤ የመንገድ ዳር አጥሮች ወደ ውስጥ ተገፉ፣ ድፍን ግንቦች ፈርሰው ውስጡን በሚያሳይ አጥር ተተኩ። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። በዋና መንገድ ላይ ዘንድሮ ከፍ ያለ ድፍን ግንብ የሚያቆም ሰው፣ ቢያንስ ከተማው ለመንገዱ ያሰበውን ፕላን ጠይቆ ቢጀምር ገንዘቡን ያተርፋል።

ነገሩ አንዴ ከተበላሸስ? ገጠሩን በተመለከተ የ1997ቱ አዋጅ 456 ሰዎች መጀመሪያ እንዲወያዩና እንዲስማሙ፣ ካልሆነ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲዳኙ ያዝ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1324 ቢተካም ሀብሩ ውስጥ ዛሬም የሚኬደው በዚሁ መንገድ ነው። ወሎ ለዚህ ድሃ አይደለም። የደም ነገር ሲሆን አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ይነሣሉ፣ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ። ለአጥር ያህል ግን የሰፈር ሽማግሌ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሼህና አንድ ቄስ አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱም በየመጽሐፋቸው የሚጠቅሱት አያጡም። ኦሪት ዘዳግም የጎረቤቱን የድንበር ምልክት የሚያፈልሰውን ከተረገሙት ጋር ይቆጥረዋል፤ በሐዲስ ደግሞ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ሰባቱ ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠምበት ተነግሯል። ሽማግሌዎቹ ይህን ብለው ሲያበቁ ሁለቱን ተከራካሪዎች ይዘው ድንበሩን በእግራቸው ይሄዱታል። አሮጌ ካብ ይፈለጋል፣ የተቆረጠ የግራር ጉቶ ይታያል፣ «እዚህ ጋ እኮ የእነ አያ የከብት መውጫ ነበር» የሚል ሰው ይገኛል።

ያም ካልሠራ ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬት ከግል ባለቤትነት ከወጣ በኋላም በብዙ ነገሩ ይሠራበታል። አንቀጽ 1149 በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት መክሰስ የሚችልበትን ጊዜ በሁለት ዓመት ይገድበዋል። ጎረቤቱ ወሰን አልፎ ሲያጥር እያየ «እስቲ ለበዓል ሲመጣ እነግረዋለሁ» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። አንቀጽ 1178 እና 1179 ደግሞ በሰው መሬት ላይ የሚገነባን ሰው በሁለት ይከፍሉታል፤ ባለመሬቱ ሳይቃወም የገነባና እየተቃወመው የገነባ። የመጀመሪያው በሠራው ሕንፃ ላይ መብት ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ያለ ካሣ ሊባረር ይችላል። በመሆኑም ቦዩ ሲቆፈር የተነገረ ቃልና ቀለም ከተቀባ በኋላ የመጣ ክስ ችሎት ፊት እኩል አይመዝኑም። በጽሑፍ፣ በቀበሌ በኩል ወይም በምስክር ፊት ቢሆን ይመረጣል። በንዴት ችካል መንቀል ግን መፍትሔ አይደለም፤ የወሰን ምልክት ማጥፋት ወይም ማፈናቀል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ ተበዳዩ በአንድ ሌሊት ተከሳሽ ይሆናል።

አጥሩ በትክክለኛው ወሰን ላይ ቆሞም የሚያጣላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ውሃ ነው። መርሳ ላይ ክረምቱ ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በእሾህ አጥር ሥር እያለፈ ይሄድ ነበር። ድፍን ግንብ መንገዱን ሲዘጋበት ውሃው ከላይ ያለውን ግቢ ያጥለቀልቅና ግንቡን ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ልምድ ያለው ግንበኛ ከመሠረቱ በላይ በየተወሰነ ርቀት ቀዳዳ ይተዋል። ታዲያ ከታች ያለው ጎረቤት «የአንተን ጎርፍ ለምን እኔ ግቢ ታወርዳለህ?» ብሎ በጭቃ ይደፍነዋል። ጣሪያውን ወሰኑ ድረስ ያስጠጋ ሰውማ ውሃውን በአሸንዳ ወደ ራሱ ካልመለሰ በዘነበ ቁጥር ጠበኛ ነው። ግንቡ ሳይነሣ ሁለቱ ጎረቤቶች ውሃው በየት እንደሚወርድና የጋራውን ቦይ ማን እንደሚጠርግ ቢነጋገሩ ከወሰኑ ንግግር አይረዝምባቸውም።

ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ አንድ ልማድ አላቸው፤ የተጣሉበትን መሬት ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ 40 ሳንቲም ሜትር ገፋ ከተባለ ሃያውን ይመልሳል፣ የቀረውን ሃያ ጎረቤቱ ይተውለታል። ይመረቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይለያያሉ። ዕርቁ መልካም ነው፤ ችግሩ ካርታው አለመስማቱ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ወሰን የድሮው ነው፣ መሬት ላይ ያለው አጥር የዕርቁ። ሁለቱ ሰዎች በሕይወት እስካሉ ማንም አይጠይቅም፤ አንደኛው ቤቱን ሲሸጥ ወይም ልጆቹ ባንክ ለብድር ካርታ ሲያስይዙ ቀያሽ ይመጣና ልዩነቱን ያገኘዋል። በዕርቁ ማግስት የሽማግሌዎቹን ጽሑፍ ይዞ፣ ገጠር ከሆነ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ከተማ ከሆነ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ አዲሱ መስመር እንዲለካና ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ጽሑፉ ላይ የሁለቱም ወገን ባልና ሚስት ፊርማ፣ የሽማግሌዎቹ ስም፣ ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከቤቱ ማዕዘን እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ርቀት በሜትርና በሳንቲም ሜትር ቢሰፍር፣ ቅንጭቡ ተቆርጦ ሽማግሌዎቹም ካለፉ በኋላ የሚለካ ነገር ይኖራል።